«ኤኪው» የምትለው የኬሚስትሪ ምልክት ምን ትነግረናል? የክረምቱ ጣናስ አኩየስ ሶሉሽን ነው?

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አባት (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ኬሚስትሪ ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ማገዝ እወዳለሁ፤ በቅርቡ ያነሳቻቸው ሁለት ጥያቄዎች ግን ከእኔ ዕውቀት በላይ ሆኑብኝ። በኬሚካል እኩልታ ውስጥ ከእያንዳንዱ ፎርሙላ ጎን የነገሩን ሁኔታ የሚያመለክት ፊደል በቅንፍ ይጻፋል። ለጠጣር፣ ለፈሳሽና ለጋዝ አንዳንድ ፊደል አለ፤ አራተኛው ደግሞ «ኤኪው» (aq) ነው፤ መጽሐፉም «አኩየስ ሶሉሽን፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ልጄም «በውሃ የሟሟ ጨው ያው ፈሳሽ አይደለም ወይ? የራሱ ምልክት ለምን አስፈለገው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ከአካባቢያችን የመነጨ ነው። በክረምት በሐይቁ ዳር ስናልፍ ወንዞቹ ያመጡት አፈር ውሃውን ቡናማ አድርጎት አይታ፣ «ይህ ሁሉ አፈር ውሃው ውስጥ ከገባ ጣናም አኩየስ ሶሉሽን ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ለፈተና በቃል የሚያዝ ትርጉም ሳይሆን ነገሩን ከሥሩ የሚያስረዳልኝ ባለሙያ ቢገኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፦

ጤና ይስጥልን፣ ወንድሜ። የልጅዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ተማሪዎች ሳይጠይቁት የሚያልፉት ስለሆነ መልሱን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

የፈሳሽ ምልክት የሚጻፈው ነገሩ ራሱ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ፈሳሽ ሲሆን ነው። «ኤኪው» የሚጻፈው ግን ነገሩ በውሃ መካከል ተበታትኖ እያንዳንዱ ቅንጣቱ በውሃ ሞለኪውሎች ሲከበብ ነው። የገበታ ጨውን እንውሰድ። ጨውን ብቻውን አቅልጦ ፈሳሽ ለማድረግ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የሚገኘውም ፈሳሽ በውስጡ ከሶዲየምና ከክሎራይድ አዮኖች (ቻርጅ ከተሸከሙ ቅንጣቶች) በቀር ሌላ ነገር የለበትም። ያንኑ ጨው አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረን ብናማስለው ግን እሳት ሳያስፈልገው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ይሰወራል። ሁለቱም ይፈስሳሉ፤ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በኤሌክትሪክ ኃይል ልንለያያቸው ስንሞክር ነው፤ ከቀለጠው ጨው የሶዲየም ብረት ይገኛል፣ ከሟሟው ጨው ግን በሶዲየሙ ፋንታ የሃይድሮጅን ጋዝ ነው የሚወጣው፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ውሃ ዝም ብሎ መያዣ ሳይሆን ራሱ በለውጡ ውስጥ ገብቶ ይሠራል። እንግዲህ ምልክቱን ያሳሳተ ተማሪ ውጤቱንም አሳስቶ ይጽፋል ማለት ነው።

ውሃ ይህን የሚያደርገው በቅርጹ ነው። የውሃ ሞለኪውል ቀጥ ያለ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ከኦክስጅኑ ጋር 104.5 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይሠራሉ። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ አጥብቆ ስለሚስብ በእርሱ በኩል ያለው ጎን በመጠኑ ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ያለው ደግሞ በመጠኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይኖረዋል። የጨው ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ የውሃ ሞለኪውሎች በኦክስጅናቸው በኩል ወደ ሶዲየሙ፣ በሃይድሮጅናቸው በኩል ወደ ክሎራይዱ ዞረው ከፍሬው ጠርዝና ማዕዘን እየጀመሩ አዮኖቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ፤ የተነቀለውንም አዮን ንቦች አውራቸውን እንደሚከቡ ከበውት ይዞራሉ። በዚህ ላይ ውሃ በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለውን የመሳሳብ ኃይል በባዶ ሕዋ ከሚኖረው ወደ ሰማንያኛ እጅ ገደማ ስለሚያወርደው፣ የተለያዩት አዮኖች በቀላሉ ተመልሰው አይጣበቁም። ይህ ሁሉ ግን ወሰን አለው፤ 100 ግራም ውሃ በተለመደው የክፍል ሙቀት 36 ግራም ያህል ጨው ያሟሟል፤ ከዚያ በላይ የጨመሩት ከሥር ተቀምጦ ይቀራል።

አዮኖች በውሃ ውስጥ በነፃነት እንደሚንቀሳቀሱ በግልጽ የተሟገተው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በኡፕሳላ ያቀረበውን የዶክትሬት ጽሑፍ ፈታኞቹ በዝቅተኛ ማዕረግ ነበር ያሳለፉት፤ ያው ሐሳብ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አስገኝቶለታል። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ዘወትር እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ በአንዲት ምልክት የምናልፈው ነገር በዘመኑ ሊቃውንትን ያከራከረ እንደነበር ማወቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ልጅዎ አንድ ነገር እንድትለይ እፈልጋለሁ። «ኤኪው» ማለት «ወደ አዮን ተለያይቷል» ማለት አይደለም። ስኳር ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ እንጂ እያንዳንዱ ሞለኪውል አይፈርስም፤ ስለዚህ የስኳር ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዩሪያ ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። በዩሪያ ሌላም ነገር ማየት ይቻላል፤ አንድ እፍኝ ዩሪያ ወስዳችሁ በቀጭን የብረት ኩባያ ውሃ ውስጥ ብታማስሉት ፍሬው እያለቀ ሲሄድ ኩባያው እጅ ላይ እየቀዘቀዘ ይመጣል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ከውጭ በኩል ላብ ያወጣል። ክሪስታሉን ለማላቀቅ የወጣው ጉልበት ውሃው ሲከብበው ከሚመልሰው ስለሚበልጥ ጉድለቱ ከራሱ ከውሃው ሙቀት ይወሰዳል። (ኩባያው ግን ከዚያ በኋላ ለመጠጥ መዋል የለበትም።)

በመካከል ያሉም አሉ። አቼቶ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ በውሃ ውስጥ የሟሟበት ነው። ውሃ የሌለበት ንጹሕ አሴቲክ አሲድ የፈሳሽ ምልክት የሚጻፍለት፣ ከ16.6 ዲግሪ በታች ደግሞ የሚረጋ ነገር ነው፤ አቼቶ ውስጥ ያለው ግን «ኤኪው» ነው። ከዚያም ውስጥ ወደ አዮን የሚለያየው ከ1000 ሞለኪውል 5 ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ሙሉ ሞለኪውል እንደሆነ በውሃ ተከቦ ይኖራል። የጣና ጉዳይ ውሃን ለሚመረምሩ ባለሙያዎች ይቅር።

የውሃ ጥራት ላብራቶሪ ሠራተኛ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ስለ ጣና የተነሳውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው፤ የዕለት ሥራዬም ይኸው ነውና።

መልሱ ጣና በአንድ ጊዜ ሶሉሽንም፣ ያልሟሟ ደለል የያዘ ውሃም ነው የሚል ነው። አዎን፣ ጣና አኩየስ ሶሉሽን ነው፤ ነገር ግን ሶሉሽን ያደረገው በክረምት የምናየው ቡናማ አፈር አይደለም፤ ሶሉሽን ያደረገው በበጋም በክረምትም በዓይን የማናየው ነገር ነው። ጊልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከየእርሻው ጠርገው የሚያመጡት ደለል ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆያል እንጂ አልሟሟም። የሟሟ ነገር ቅንጣት ከ1 ናኖሜትር የማይበልጥ አዮን ወይም ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን፣ የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ እስከ 2 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ያም ማለት በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ይበልጠዋል።

«ካልሟሟ ታዲያ ለምን ቶሎ አይዘቅጥም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የ1 ማይክሮሜትር የሸክላ ቅንጣት ፍጹም በረጋ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመውረድ በስሌት 13 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ጣና ደግሞ ጥልቀቱ በጣም ብዙ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከሥር ያለው ደለል እንደገና ይቀሰቀሳል። ከዚህም በላይ የሸክላ ቅንጣቶች ሁሉ ላያቸው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተጣብቀው ከባድ ሆነው መውረድ አይችሉም።

የውሃ ማጣሪያዎች አሉም የተባለውን የአሉሚኒየም ጨው የሚጨምሩት ይህንኑ መገፋፋት ለማርገብ ነው። አሉም መጀመሪያ ራሱ ይሟሟል፤ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙት የአሉሚኒየም አዮኖቹም የሸክላውን ኔጌቲቭ ቻርጅ ያከሽፋሉ፤ ከዚያም አሉሚኒየሙ ራሱ ወደማይሟሟ ጥጥ መሰል ነገር ተለውጦ ደለሉን አቅፎ ይወርዳል። የሽፈራው ፍሬ ዱቄትም የደፈረሰ ውሃ የሚያጠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ በውስጡ ያለው ፖዘቲቭ ቻርጅ የያዘ ፕሮቲን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሸክላውን ያያይዘዋል።

ልጅዎ ልዩነቱን በቤቷ ልታየው ትችላለች። ሁለት ብርጭቆ ታዘጋጅ፤ በአንዱ በጨው ብቻ የተማሰለ ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው ለጥቂት ሰዓታት ረግቶ ከላይ የተቀዳ የሐይቅ ውሃ ታድርግ። ማታ መብራት አጥፍታ የእጅ ባትሪ ከጎን ብታበራባቸው በጨው ውሃው ውስጥ ብርሃኑ ሳይታይ ያልፋል፤ በሐይቁ ውሃ ውስጥ ግን የብርሃኑ መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንደ ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ብርሃኑን የሚበትኑት ያልሟሟት ቅንጣቶች ናቸው። አዮኖች ግን ለዚያ በጣም ያንሳሉ።

በላብራቶሪ ግን የምንሠራው በማጣራትና በመመዘን ነው። ውሃውን ቀዳዳው እጅግ ጥቃቅን በሆነ ማጣሪያ አሳልፈን፣ ያለፈውን በሚዛን በተለካ ሳህን ላይ አትነን በ180 ዲግሪ እናደርቀዋለን። ከማጣሪያው ላይ የቀረው ጭቃ «ያልሟሟ» ይባላል፤ ሳህኑ ላይ ስስ ነጭ ቅርፊት ሆኖ የሚቀረው ደግሞ የሟሟው ነው። የጣና ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ነው፤ እነዚህም በዙሪያው ያለውን ጥቁር ድንጋይ የዝናብ ውሃ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ሲያሟሟው የሚመጡ ናቸው። መጠኑ ግን ትንሽ ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ የሟሟውንም ይዞ ይወጣልና ጣና ጨዋማ ሳይሆን ይኖራል። መውጫ የሌለው የአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ከዚህ በተቃራኒ ውሃው ብቻ እየተነነ ጨው ስለሚከማችበት ሰዎች ውሃውን በፀሐይ አድርቀው የገበታ ጨው ያመርቱበታል።

የተማሪዋ አባት፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባትሪውን ሙከራ ትናንት ማታ አድርገነው የተባለውን መስመር በሐይቁ ውሃ ውስጥ በግልጽ አየነው። አሁን ደግሞ ልጄ ጥያቄዋን ወደ ጋዝ አዙራዋለች፤ «ጨውና ስኳር ከሟሙ አየርስ ይሟሟል? ዓሣው የሚተነፍሰው ኦክስጅን ጋዝ ነው ወይስ ‹ኤኪው› ተብሎ ይጻፋል?» ትላለች።

የዓሣ ሀብት ባለሙያ፦

ትክክለኛው «ኤኪው» ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው አረፋ ሆኖ የሚታየውን አየር ሳይሆን ሞለኪውሎቹ በውሃ ሞለኪውሎች መካከል ተበትነው ያሉትን ኦክስጅን ነው። ይህ የሟሟ ኦክስጅን እጅግ ትንሽ ነው፤ በባሕር ወለል ከፍታ በ20 ዲግሪ ሙቀት 1 ሊትር ውሃ ቢበዛ 9.1 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7.6 ይወርዳል። ጨውና ስኳር ውሃው ሲሞቅ ይበልጥ የሚሟሙ ሲሆኑ (ጨው እንኳ ለውጡ ጥቂት ነው) ጋዝ ግን ውሃ ሲሞቅ ይሸሻል። አምቦ ውሃ ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ሲቆይ ጋዙን የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ሌላ ጉዳይ ይጨመርበታል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ የሚሟሟው ጋዝ ደግሞ በግፊቱ ልክ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት በ25 ዲግሪ በባሕር ወለል 8.3 ሚሊግራም ኦክስጅን የሚይዘው ውሃ እዚህ 6.7 ገደማ ላይ ይጠግባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ይህንኑ ትንሽ ኦክስጅን ነው የሚሻማው፤ ምንጣፍ ሆኖ ውሃውን ሲሸፍን አየርና ብርሃን እንዳይገባ ያግዳል፣ ሲበሰብስ ደግሞ ያለውን ኦክስጅን ያስጨርሳል። አምባዛ ከውሃው በላይ አየር መሳብ የሚያስችል ተጨማሪ አካል ስላለው ይህን ሊቋቋም ይችላል፤ ቆሮሶ ግን እንዲህ ያለ አቅም የለውም።

እምቦጭ ራሱ የሚመገበውም ከአኩየስ ሶሉሽን ነው፤ የተንጠለጠሉት ሥሮቹ የሚስቡት በውሃ የሟሙትን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ አዮኖች ነው። ናይትሬት ከማሳ ላይ ሟሙቶ ከውሃው ጋር በቀላሉ ይሄዳል፤ ፎስፌት ግን አብዛኛው ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው፣ ሐይቅ ከገባም በኋላ ከጭቃው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ስለዚህ የላብራቶሪው ወንድማችን «አልሟሟም» ያሉት ደለል ለዘለዓለም ከሶሉሽኑ ውጭ ነው ብሎ መውሰድ አይገባም፤ በሁለቱ መካከል ዘወትር ልውውጥ አለ። የእኛን ሐይቅ በሚመለከት ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

ነርስ (ከዘጌ)፦

ውይይቱን በደስታ ተከታትዬዋለሁ። ከጤና ጣቢያ አንድ ነገር ልጨምር፤ በአኩየስ ሶሉሽን ውስጥ ምን እንደሟሟ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ውሃ እንደሟሟም ሕይወት የሚወስን ጉዳይ ነው። ብዙዎች «ለምለም» የሚሉት፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ1 ሊትር ውሃ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት አለው። ግሉኮሱ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ የአንጀት ግድግዳ ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ስለሚያስገባና ውሃው እነርሱን ተከትሎ ስለሚገባ ነው። እናቶች ዱቄቱ እንዲበረታ ብለው በግማሽ ሊትር ሲበጠብጡት ያጋጥመኛል፤ እንዲያ ሲሆን ወፍራሙ ሶሉሽን ከሕፃኑ አካል ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡም ይብሳል። በደም ሥር የሚሰጠውም፣ ሕዝቡ ሁሉንም «ግሉኮስ» ቢለውም፣ ብዙ ጊዜ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው የሟሟበት ውሃ ነው፤ ይህ ልክ የደም ሴሎች ሳያብጡም ሳይጨማደዱም እንዲቆዩ የሚያደርግ ነው።

እኔም ለመምህሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቆዳ የምንጠርግበት አልኮል 70 በመቶ ኢታኖል ነው፤ ውሃው 30 በመቶ ብቻ ከሆነ አኩየስ ሶሉሽን ሊባል ይችላል?

የኬሚስትሪ መምህር፦

እህቴ፣ የተለመደው ደንብ በብዛት ያለው አሟሚ፣ በጥቂቱ ያለው ሟሚ ይባላል የሚል ነው፤ በዚህ ደንብ በይዘት ከሄድን አሟሚው ኢታኖሉ ነው፣ ስለዚህም አኩየስ አይባልም። ነገር ግን ኬሚስት የሚቆጥረው ቅንጣት ነውና እንቁጠረው። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ወደ 55 ግራም ኢታኖልና ወደ 33 ግራም ውሃ አለ። የኢታኖል አንድ ሞል (ቅንጣት በብዛት የሚቆጠርበት መለኪያ) 46 ግራም፣ የውሃ 18 ግራም ስለሚመዝን ኢታኖሉ 1.2 ሞል፣ ውሃው 1.8 ሞል ይሆናል። ከየ5ቱ ሞለኪውል 3ቱ ውሃ ነው ማለት ነው፤ ጀርሞችን ለመግደል ንጹሕ አልኮል ከ70ው የሚያንሰውም የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ይህ ውሃ አስፈላጊ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ፈሳሾች በማንኛውም መጠን ስለሚዋሃዱ «ሟሚ» እና «አሟሚ» የሚሉት ስሞች እዚህ ላይ ብዙም አይረዱንም፤ ባለሙያዎች «የኢታኖልና የውሃ ቅልቅል» ብለው መጠኑን ከጎኑ ይጽፋሉ። ለልጅዎ፣ ወንድሜ፣ በአሥረኛ ክፍል እኩልታዎች ውስጥ «ኤኪው» በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ውሃው ከሟሚው እጅግ የበዛ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አይገጥማትም።